ሉሲ ብለው ስም ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እህቴ እዚህ ሐዋሳ ሴት ልጅ ተገላገለች። «ሉሲ ልላት ነው» ስትል ቡና ላይ የነበረው ሁሉ የየራሱን አስተያየት ሰጠ። ስሙን በጣም ስለምወደው፣ እዚያ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ስሙ ከድንቅነሽ ጋር የተወለደ ይመስለናል። የተገላቢጦሽ ነው። አጽሟ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ተመራማሪዎቹ የዚያን ቀን ማታ ካምፓቸው ውስጥ የእንግሊዙን የሙዚቃ ቡድን የቢትልስን ዘፈን እየደጋገሙ ሲሰሙ አመሹና ስሙን ከዘፈኑ ወሰዱት። ስሙ ራሱ ግን የሮማውያን ነው። በላቲን «ሉክስ» ብርሃን ማለት ነው። ከዚያ ወንዱ ሉኪዩስ፣ ሴቷ ሉኪያ ተባሉ። ጎህ ሲቀድ ለተወለደ ልጅ ይወጣ ነበር ይባላል። ጣልያኖች ሉቺያ፣ እንግሊዞች ደግሞ ሉሲ ይሉታል። በ304 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሲሊ ውስጥ ሰማዕት የሆነችው ቅድስት ሉቺያ ስሙን በዓለም አሰራጨችው። ስዊድኖች በዓሏን ዲሴምበር 13 ያከብራሉ፤ በጨለማው ወራት መሃል ልጃገረዶች ሻማ የበራበት አክሊል ይደፋሉ።

«ድንቅነሽ» የሉሲ ትርጉም አይደለም። ድንቅ ነሽ ማለት ነው፣ አለቀ። የሉሲን ትርጉም በአማርኛ የፈለገ ብርሃኔ ወይም ፀዳለ ይበል።

ከሉሲፈር ጋር ማያያዝ። ይሄ ነው ያሳዘነኝ። አንዲት እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ የሰይጣን ስም አለበት ይላሉ እኮ» አሉ። እህቴ ክው አለች። «እማማ፣ ሉሲፈርም በላቲን ብርሃን አምጪ ማለት ነው፤ የንጋት ኮከብ ይጠራበት ነበር» አልኳቸው። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኛቸው ብርሃን የሚለው ቃል ብቻ ነው። ብርሃን ደግሞ ምን ኃጢአት አለበት? እሳቸውም «እንግዲህ ብርሃን ከሆነማ ታብራላችሁ» ብለው መረቁ።

ለክርስትናው መጨነቅ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ በ80ኛው ቀን የክርስትና ስም ይወጣላታል። ሉሲ መጠሪያዋ ሆኖ ይቀጥላል።

አጻጻፉን ችላ ማለት። የእህቴ ልጅ ክትባት ካርድ ላይ «ሉስያ» ተብላ ተጽፋለች። ቶሎ ስላየነው የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሳይደገም ደረስንበት። እናንተም ከመስኮቱ ሳትነሱ አንብቡት። በእንግሊዝኛው መጨረሻው ዋይ ይሁን አይ፣ ቤት ሆናችሁ ተስማሙና በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። እኛ አሁን እንደዚያ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ካርዱ ውስጥ አጥፈን አስቀምጠናል።