ሾርባው አልጫ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አትደንግጡ

የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሶል በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥር ነበር፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከጄጊዶንግ ባቡር ጣቢያ ጀርባ መስኮቷ በእንፋሎት የታፈነ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አየሁና ገባሁ። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ናት። አጠገቤ ያለው ሰው የሚበላውን በጣቴ አሳየሁ። ነጭ ሾርባ በሸክላ ሳህን እየፈላ መጣልኝ። ቀመስኩት። ምንም! ጨው የለ፣ ቅመም የለ። ለታመመ ሰው የሚሰጥ ነገር መሰለኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ግማሹን እንደዚያው ጠጣሁት።

የምግብ ቤቷ ባለቤት ከምድጃዋ ሆና ስታየኝ ቆይታ መጣች። አንድም ቃል ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የጨው ዕቃ ከፈተች፣ በትንሿ ማንኪያ ጣል አደረገችበት፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል በላዩ ከመረች፣ አማሰለችው። ከዚያ በአገጯ "በይ" አለችኝ። ሌላ ሾርባ ሆነ። ለካስ ማጣፈጡ የኔ ሥራ ኖሯል።

አራት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን ደንበኛዋ ነኝ። ለጉብኝትም ለትምህርትም የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ሁልጊዜ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሾርባው ሶሎንግታንግ ይባላል። የበሬ ቅልጥምና ሥጋ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣ መረቅ ነው። ወተት የተጨመረበት የሚመስላችሁ ብትኖሩ አይደለም። አጥንቱ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ደሙ ይወጣል። አንድ ጊዜ ይፈላና ያ ውሃ ይደፋል። ከዚያ በአዲስ ውሃ ከአሥር ሰዓት በላይ ይንተከተካል። የኛ ቅቅል መረቁ ሲጠራ ነው የሚያምረው፤ የዚህ ግን እሳቱ በረታ ይላል። ጅማቱ እየሟሟ ስቡም በጣም ደቃቅ ሆኖ ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው የሚነጣው። ዱቄት ወተት የሚጨምሩ ቤቶች አሉ የሚል ሐሜት አለ። እኔ የምለየው በከንፈሬ ነው። ደህና መረቅ ጠጥታችሁ ከንፈራችሁን ስትገጥሙት ትንሽ ይጣበቃል።

ስለ ስሙ ብዙ ይባላል። ከዚች ምግብ ቤት ብዙም ሳይርቅ ሶንኖንግዳን የሚባል መሠዊያ አለ። በጥንቱ የጆሶን ሥርወ መንግሥት ዘመን ነገሥታቱ ጥሩ አዝመራ እንዲሆን መሥዋዕት የሚያቀርቡበት ቦታ ነበር። የታረደው በሬ ተቀቅሎ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይታደል ነበር፣ ሶሎንግታንግም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው ይላሉ። የለም፣ ከሞንጎሎች ቋንቋ የመጣ ቃል ነው የሚሉም አሉ። የኔዋ ባለቤት የመሠዊያውን ታሪክ ነው የምታምነው። ሰፈሯ ነዋ!

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 7 የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ አንዴ ይወርዳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ 5፡30 ላይ ወይም ከ7፡30 በኋላ ሂዱ። አንዳንድ ቤት ከሰዓት በኋላ ለእረፍት ይዘጋል፣ ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። መረቁ ሲያልቅ በጊዜ የሚዘጋም አለ። ለብቻችሁ መብላት ግን እንዳያሳፍራችሁ። ሥጋ የሚጠበስበት ቤት ብቻውን የመጣን ሰው ብዙ ጊዜ አያስተናግድም፤ ሾርባ ቤት ግን ብቸኛ ሰው አገሩ ነው።

ስትገቡ ስንት እንደሆናችሁ ይጠይቋችኋል። በጣት ማሳየት ይበቃል። ጫማ የሚወለቅበት መሬት ላይ የሚቀመጡበት ቤት ከሆነ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያን ቀን የተቀደደ ካልሲ አድርጋችሁ ከሆነ ከእኔ ጋር እኩል ናችሁ።

ማንኪያና ቾፕስቲክ ጠረጴዛው ላይ ካጣችሁ አትጥሩ። ከጠረጴዛው ጎን በእጃችሁ ዳብሱ፣ መሳቢያ አለ። ይሄን ሳላውቅ አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ሙሉ እየቀዘቀዘ የሚሄድ ሾርባ ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ። ውሃ ብዙ ቦታ ራሳችሁ ነው የምትቀዱት። አስተናጋጅ ለመጥራት ጠረጴዛው ላይ ደወል ካለ ተጫኑት። ከሌለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ "ዮጊዮ!" በሉ። "ወዲህ" እንደማለት ነው፣ ነውር የለውም። ትልልቅ ሴቶችን "ኢሞ" ይሏቸዋል፣ አክስቴ ማለት ነው። እኔ የምግብ ቤቷን ባለቤት ደፍሬ "ኢሞ" ያልኳት ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ሀክሴንግ" ነው የምትለኝ፣ ተማሪዋ። ከተመረቅሁ ቆየሁ፣ አልሰማችም።

ምግብ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ነው፣ አጭር ነው። "ቦቶንግ" መደበኛው ነው፣ "ትክ" ሥጋው የሚበዛው። በኔዋ ምግብ ቤት መደበኛው 11,000 ዎን፣ ትክ 14,000 ነው። ለአንድ ሰው መደበኛው በቂ ነው፤ ትክ የሚያስፈልገው ቁርስ ላልበላ ነው። "ጎምታንግ" የሚለውን ካያችሁ ዘመዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሥጋ የሚበዛበትና ጠራ ያለ። በተለይ ናጁ የምትባለው የደቡብ ከተማ ጎምታንግ መረቁ ጥርት ያለ ነው። "ቆሪ" የተጨመረበት የጭራ ነው፣ "ዶጋኒ" የጉልበት ጅማት፣ "ካልቢታንግ" የጎድን። ጭራና ጉልበት ይወደዳሉ። "ሱዩክ" ሥጋው ለብቻው ተቆራርጦ በትልቅ ሳህን የሚመጣ ነው፣ ለብዙ ሰው ነው የሚታዘዘው።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው ቆም ብዬ የምናገረው አለ። ሾርባ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም በር ላይ የሚፈላ ድስት አለ። "ድዌጂጉክባፕ"፣ "ሱንዴጉክ" እና "ካምጃታንግ" ግን የአሳማ ናቸው። "ሶንጂ" የሚል ቃል ካያችሁ የረጋ ደም ነው፣ ሄጃንግጉክ በሚባለው የጠዋት ሾርባ ውስጥ ይገባል። ከተጠራጠራችሁ "ሶጎጊዬዮ?" በሉ፣ "የበሬ ሥጋ ነው?" ነው። በጾም ቀን ደግሞ እዚህ ቤት ምንም የላችሁም። ሾርባው ይቅርና ኪምቺው (በበርበሬ ተለውሶ የኮመጠጠው ጎመን) እንኳ ብዙ ጊዜ በጨው የታሸ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አለበት። አንድ አርብ ረስቼ ገብቼ ጎመኑን ብቻ ልብላ ብዬ ነው ያወቅሁት።

ለማዘዝ "ሶሎንግታንግ ሀና ጁሴዮ" ማለት ይበቃል፣ "አንድ ስጡኝ"።

ከሾርባው በፊት ኪምቺ ይመጣል፣ ሁለት ዓይነት። አንደኛው የጎመን ነው። ሁለተኛው "ቃክዱጊ" ይባላል፣ በአራት ማዕዘን ቅርጽ የተቆረጠ ነጭ ፍጅል በበርበሬ የተለወሰ። (የኮሪያ ጠንካራ "ክ" ለኛ ጆሮ "ቅ" ነው የሚመስለው። "ቃክዱጊ" ስትሉ ከፈረንጆች ይልቅ እናንተ ቶሎ ትግባባላችሁ።) አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ጎመኑ ሳይቆረጥ ካለ ከጎኑ መቀስ አለ። አዎ፣ የልብስ የሚመስል መቀስ። የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ። ሲያልቅ ደግሞ በነፃ ይጨመራል፦ "ቃክዱጊ ዶ ጁሴዮ"።

እኔ ቤት ስመርጥ በሾርባው አይደለም፣ በቃክዱጊው ነው። መረቁ ለሰዓታት ከተቀቀለ የትም ደህና ነው። ፍጅሉ ግን ሲነከስ ቀጭ ካላለ፣ ኮምጠጥ ካላለ፣ ሾርባው መሀል ላይ ይሰለቻችኋል።

አሁን ሾርባው መጣ። ይፈላል፣ ሳህኑንም አትንኩ። ሩዙ በክዳን ባለች የብረት ሳህን ለብቻው ይመጣል፣ እሷም ታቃጥላለች። አንዳንድ ቤት ሩዙን ከታች ጨምሮት ነው የሚያመጣው።

መጀመሪያ ባዶውን አንድ ማንኪያ ቅመሱ። አልጫ ነው፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ቀጥሎ ማንኪያውን ከታች አስገብታችሁ አንሱት፤ ቀጭን ነጭ ኑድል ታገኛላችሁ። እሱን አስቀድማችሁ ብሉት። ከቆየ ያብጥና መረቁን ጠጥቶ ይጨርስባችኋል። ሽንኩርቱን ያኔ ጨምሩ፣ ሳትቆጥቡ። እኔ ሁለት ትልቅ ማንኪያ ነው የምጨምረው። ሙቀቱ አረንጓዴነቱን ሳያጠፋ ብቻ ልስልስ ያደርገዋል።

ጨው ላይ ተጠንቀቁ። የትንሿ ማንኪያ ግማሽ ጨምሩ፣ ከታች ጀምራችሁ አማስሉ፣ ቅመሱ። ሲፈላ የጨው ጣዕም በደንብ አይያዝም፤ ምላስ ተቃጥሎ ምን ይለያል? ስለዚህ ትንሽ አጎደል አድርጋችሁ ተዉት። ሲበርድ ይደርስላችኋል፣ ቃክዱጊውም ጨው አለው። አንድ የመጣ የአጎቴ ልጅ ሦስት ማንኪያ ሙሉ አንዴ ገለበጠበት። ባለቤቷ ሳትጠየቅ መረቅ በጭልፋ ጨመረችለት፣ ፊቷ ላይ ግን ያየሁትን አልነግረውም። ቁንዶ በርበሬ በመጨረሻ።

ሥጋውን ደግሞ ስስ ስስ አድርገው ነው የሚቆርጡት። አኩሪ አተር ሶስ በትንሽ ሳህን ከመጣላችሁ ሁለት ሦስቱን እያጠቀሳችሁ ብሉ፣ የቀረውን ለሩዙ አቆዩት።

ሩዝ ላይ ሰው ሁለት ነው። ለብቻው እየበሉ መረቁን የሚያስከትሉ አሉ፣ ጠቅላላውን ደፍተው የሚያማስሉ አሉ። እኔ ግማሹን ነው የምጨምረው። ሙሉው አንዴ ከገባ መረቁ ይወፍርና ገንፎ ይሆናል። ግማሹ ሲያልቅ ቀሪውን።

መሀል ላይ ስትደርሱ የኔዋ ባለቤት ያስተማረችኝን አድርጉ። የቃክዱጊውን ቀይ ጭማቂ ሁለት ማንኪያ ወደ ሾርባው አፍስሱ። ነጩ ወደ ብርቱካንማ ይቀየራል፣ ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ጎምታንግ የሚሸጠው ዝነኛው ሀዶንግኳን ምግብ ቤት ውስጥ፣ ምዮንግዶንግ ሰፈር፣ ሰዎች ይሄን ጭማቂ ለብቻው ሲያዝዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን አታፍስሱ። የመረቁን ጣዕም ሳታውቁት ይሸፍንባችኋል።

የጠረጴዛ ሥርዓታቸው ለኛ ብዙም አይከብድም። ታላቅ ሰው አብሯችሁ ካለ እሱ ማንኪያውን ሳያነሳ አትጀምሩ። ዕቃ ስትቀበሉና ስትሰጡ በሁለት እጅ፤ ይሄ ከቤት ያደግንበት ነው። ሩዝም ሾርባም በማንኪያ ይበላል፣ ቾፕስቲክ ለኪምቺውና ለሥጋው። ሳህን ወደ አፍ አይነሳም። ማንኪያ ወይም ቾፕስቲክ ሩዝ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፣ ለሙት መታሰቢያ የሚደረግ ነው። አፍንጫችሁ በሙቀቱ መፍሰሱ አይቀርም፣ ግን እዚያው አትናፈጡ። ወጣ በሉ።

የገንዘብ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም። ለአስተናጋጅ ብር ትታችሁ ብትወጡ "ረስታችሁ ሄዳችሁ" ብለው መንገድ ላይ ሮጠው ይመልሱላችኋል። እኔን አንዷ አስተናጋጅ 1,000 ዎን ይዛ እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ ተከትላኛለች። ሂሳቡ የሚከፈለው በሩ አጠገብ ነው፣ ካርድ ይቀበላሉ። መረቁን ወደ ቤት መውሰድ ከፈለጋችሁ "ፖጃንግ" በሉ፣ በፕላስቲክ ያሽጉላችኋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር እንደ ጄሊ ይረጋል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት፣ ድስት ላይ ሲሞቅ ይመለሳል።

ስትወጡ "ጃል ሞጎሱምኒዳ" በሉ፣ "በደንብ በላሁ" ነው። የኔዋ ከምድጃዋ ዞር ሳትል ትመልሳለች፣ ባዶ ሳህኔን ግን አይታ ነው። ጠብታ ከቀረበት "ሀክሴንግ፣ ዛሬ አመመሽ?" ትለኛለች።