የጓሮ ኩሬ ውሃ ላይና ታቹ ስንት ዲግሪ ነው? አለካኩ እንዲህ ነው

ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጓሮው ውስጥ ዓሣ ያለው ሰው ግን «ታች ይሞቃቸዋል» ብሎ ለጥ ይላል። ይህ ምክር የሚሠራው ኩሬ በረዶ በሚሆንበት አገር ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላዩ በረዶ ሲሠራ ታቹ 4 ዲግሪ ላይ ይቆያል። የእኛ ኩሬ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ሌሊት የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፤ ሲነጋ ላይና ታቹ ተቀላቅሎ ተቀራራቢ ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው ቀን ነው።

ለመለካት ቀጭን የአልኮል ቴርሞሜትር፣ የወይን ጠርሙስ ከነቡሹ፣ የናይለን ገመድ፣ የሽንኩርት መረብ ከረጢትና ሁለት ኪሎ ገደማ ድንጋይ ያዙ። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ኩሬ ውስጥ ቢሰበር ጦሱ ለዓሣው ነው። የትኩሳት መለኪያም አይሆንም፤ ንባቡ የሚጀምረው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ቴርሞሜትሩን በተፈጨ በረዶና ውሃ ፈትሹት፤ 0 ማለት አለበት። በፈላ ውሃ ፈትሻችሁ 100 ካላለ አትጣሉት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አስቸጋሪው ከታች ውሃ ማውጣቱ ነው። ቴርሞሜትሩን በገመድ አውርዳችሁ ብትስቡት፣ ሲወጣ ሞቃቱን ውሃ እያለፈ ንባቡን ይቀይራል። ስለዚህ ድንጋዩን ከረጢቱ ውስጥ ከታች፣ ጠርሙሱን ከላዩ አቁሙ። አንዱን ገመድ ጠርሙሱ አንገት ላይ፣ ሌላውን ቡሹ ላይ እሰሩ። ከጠርሙሱ አፍ ጀምሮ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ።

ቡሹን ላላ አድርጋችሁ ክደኑ። ከጠበቀ ወይም ድንጋዩ ከቀለለ፣ የቡሹን ገመድ ስትስቡ ጠርሙሱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። የምትፈልጉት ጥልቀት ላይ ሲደርስ ገመዱን መንጨቅ ነው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ሲያቆም ጠርሙሱ ሞልቷል። ቶሎ አትሳቡት! ብርጭቆውም የውሃውን ሙቀት እንዲይዝ አምስት ደቂቃ ተውት። ከዚያ ፈጠን ብላችሁ አውጡና ጥላ ውስጥ፣ ቴርሞሜትሩን ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱና ሳታወጡ አንብቡ። ከላይ ወደ ታች ለኩ፤ አለዚያ ውሃውን ታማስላችሁ።

ከወለሉ በላይ ያለችው የመጨረሻዋ አንድ ክንድ ጠርሙስ አይደርስባትም። ለእሷ ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ዱላ ላይ ማሰር ነው። ሽቦው ረጅም ከሆነ እንዲያውም የጠርሙሱን ጣጣ በሙሉ ዝለሉት።

ንጋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 8 ሰዓት ለኩ። መሀል ከተማ ከሆናችሁ የጎረቤት ፎቅ ጥላ የኩሬውን ግማሽ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለኩ። ውሃው አረንጓዴ ወይም ድፍርስ ከሆነ ሙቀቱ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ክረምት ደመና ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል።

ቆሮሶ የምታረቡ ከሆነ የንጋቱን ቁጥር እዩ። 16 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ጠዋት የበተናችሁት መኖ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። መኖውን ውሃው እስኪሞቅ፣ ወደ 9 ሰዓት አቆዩት።