ጥርስ ስትቦርሹ ድዳችሁ ይደማል? መቦረሹን አታቁሙ

ድድ ሲደማ

ብዙ ሰው ደም ሲያይ “ቆስሏል፣ ትንሽ ላሳርፈው” ብሎ ያንን ቦታ እየዘለለ ይቦርሻል። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ችግሩ የሚብሰው ያኔ ነዋ!

አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ የሚጋገር፣ በባክቴሪያ የተሞላ ስስ ቆሻሻ ነው። ድዱ በዚህ የተነሳ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ስለዚህ መፍትሄው ቦታውን በደንብ ማጽዳት ነው፤ ግን በቀስታ። ፀጉሩ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ አነስ ያለ ብሩሽ ያዙ። ትልቅ ብሩሽ የኋላ ጥርሶች ጋ አይደርስም። ፀጉሩን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሉትና ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ አንቀሳቅሱት። ሁለት ሦስት ጥርስ ስትጨርሱ ወደሚቀጥሉት እለፉ። የውስጥ በኩልም አይረሳ። በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ደቂቃ። አንዴ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት፤ ብዙዎቻችን ሳይሞላ ነው የምናቆመው።

ብሩሽ በጥርስና በጥርስ መሃል አይገባም። እዚያ የጥርስ ክር ያስፈልጋል፤ በቀን 1 ጊዜ ይበቃል።

እንዲህ አድርጋችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ካልተሻላችሁ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቆሻሻው ጠጥሮ ከሆነ የትኛውም ብሩሽ አያነሳውም፤ በሐኪም መሣሪያ ነው የሚነሳው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ንገሩት።

የብሩሹ ፀጉር ቶሎ ሲንጨባረር

ብሩሽ ከ3 እስከ 4 ወር ማገልገል አለበት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ወደ ጎን ከተኛ አብዝታችሁ እየተጫናችሁ ነው። በጡጫ አትያዙት፤ እንደ እስክሪብቶ በጣቶቻችሁ ያዙት፣ ጉልበቱ በራሱ ይቀንሳል። የተንጨባረረውን ግን 3 ወር ሳትጠብቁ ቀይሩት።

ቀዝቃዛ ሲነካው ጥርስ ሲጠዘጥዝ

“ጠንካራ” የሚል ብሩሽ ይበልጥ ያጸዳል የሚል እምነት አለ። እኔ ለማንም አልመክረውም። በጠንካራ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ በኃይል መፈተግ ድዱን ወደ ኋላ ያሸሸዋል። ያኔ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ሥሩ ደግሞ እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን የለውም። የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አያድግም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ለስላሳ ቀይሩ። ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙናም ይረዳል፤ በየቀኑ ለተወሰኑ ሳምንታት መጠቀም ይፈልጋል። ሎሚ ወይም ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ ከወሰዳችሁ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ቦርሹ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ለጊዜው ያላላዋል።

የሚጠዘጥዘው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። አስመርምሩት።

እየቦረሻችሁም ጥርሳችሁ ሲበላ

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስ እንዳይበላ የሚከላከል ማዕድን፣ እንዳለው አረጋግጡ። ቦርሻችሁ ስትጨርሱ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ማታ ከቦረሻችሁ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ።