ስኳር ያለበት ሰው በድሬዳዋ ገበታ ላይ የሚሳሳታቸው ነገሮች

«ስኳር አለብኝ» የሚል የድሬ ሰው መጀመሪያ የሚያርቀው የስኳር ማንኪያውን ነው። ሻዩን መራራ አድርጎ ይጠጣና ሁለት ዳቦ በፉል ያወርዳል። ነጭ ዳቦ ሆድ ውስጥ ሲደርስ በፍጥነት ወደ ግሉኮስ እንደሚለወጥ ልብ አይልም። ፉሉ ጥፋት የለበትም፤ የባቄላው ፕሮቲንና ፋይበር ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋሉ። ዳቦውን ይቀንሱ፣ ፉሉን ይጨምሩ።

ምሳ ላይ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች በአንድ ሳህን ማቅረብም ልማድ ሆኗል። ሦስቱም ስታርች ናቸው። አንዱን መርጠው የሳህኑን ሩብ ይስጡት፤ ግማሹን ጎመንና ሰላጣ፣ ቀሪውን ሥጋ ወይም ምስር ይያዘው። ሰላጣውንና ሥጋውን አስቀድሞ መብላትም ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የደም ስኳር ከፍታ ይቀንሳል።

«ጁስ ፍራፍሬ ነው» የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው፦ አንድ ብርቱካን ይብሉ፣ የአራት ብርቱካን ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ አይጠጡ። ማርም ስኳር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ከምሳ በኋላ ይመጣል። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው አፉ ሲደርቅና ጫቱ ሲመረው እጁን ወደ ለስላሳ ይሰዳል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። ጠዋት ከሻዩ በስስት የተቀነሰችው ስኳር እዚህ ላይ ከነወለዷ ተመለሰች። ሲመሽ ደግሞ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ እራት ይዘለላል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን ለሚውጥ ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ «እራት አልተበላም» ብሎ ሥራውን አያቆምምና ሌሊት ስኳር ይወርዳል። ላቡንና የልቡን ድለቃ ቤተሰቡ «ምርቃና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲያ አይገምቱ፤ ይለኩ። የደም ስኳሩ ከ70 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጫቱን መተው ያቃተው ቢያንስ ለስላሳውን በውሃ ይተካ፣ እራቱንም በሰዓቱ ይብላ።

አብሽ ይጠቅማል ሲባል ሰምተው መድኃኒታቸውን የሚያቆሙም አሉ። በአብሽ የሚሠራውን የሐረሩን ሁልበት መረቅ በደስታ ይብሉ፤ በአብሽ ውስጥ ያለው ፋይበር መልካም ነው፣ ግን ክኒንዎን አይተካም።

ሌላው ቀጠሮ ሲቃረብ ብቻ መጾም ነው። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ከሁለት እስከ ሦስት ወራት የደም ስኳር አማካይ ስለሚያሳይ የሦስት ቀን ጨዋነት አያታልለውም። ይልቅ ምሳ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። ለአብዛኛው ታካሚ ግቡ ከ180 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ነው፤ ካለፈ ሳህኑ ላይ የነበረውን ይጻፉና ለሐኪምዎ ያሳዩ።