ስለ ደመወዝ ወለል ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ላይ ለሦስት ትንንሽ ቤቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ሁለቱ ካፌ ናቸው፣ አንዱ ምግብ ቤት። ወር ሲያልቅ ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንዷ የካፌ አስተናጋጅ ፈርማ ብሯን ከተቀበለች በኋላ አልሄደችም። «ጋሼ፣ ትንሹ ደመወዝ ስድስት ሺህ ገባ አሉ አይደል? የእኛ ለምን አልተስተካከለም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከልቤ አልወጣም። እሷም፣ የካፌዋ ባለቤትም፣ እዚያ ቡና የሚጠጣው ሰውም ስለ ደመወዝ ወለል፣ ማለትም ማንም ከዚያ በታች እንዳይከፈለው በሕግ ስለሚቆረጥ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ያወራሉ። ወሬው ግን በተሳሳተ ሒሳብ ላይ ስለሚቆም ማንም ከማንም ጋር አይግባባም።

ስድስት ሺው የሁሉም ነው ብሎ ማሰብ

6,000 ብር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ነው። በመስከረም 2018 ከ4,760 ብር ወደዚያ ከፍ ያለው የሲቪል ሰርቪሱ ስኬል (የደመወዝ እርከን) ነው። ከ4,760 በፊት ደግሞ መነሻው 1,100 ብር ነበር። ካፌ፣ ጋራዥ፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ የሚሠራ ሰው በዚህ ስኬል ውስጥ የለበትም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም።

ያለው ተስፋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቦርዱ መንግሥት፣ ሠራተኞችና አሠሪዎች የሚወከሉበት ሆኖ ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና በየጊዜው እንዲያስተካክል ነው የታሰበው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በየሜይ ዴይ የሚጮኸው ስለዚህ ወለል ነው።

ሁለቱን ስናምታታ ሠራተኛዋ አለቃዬ ሕግ ጥሷል ብላ ትቀየማለች። ሌላው ሰው ደግሞ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በመካከል ይጠፋል።

የተጨመረው ሁሉ ኪስ ይገባል ብሎ ማሰብ

ይሄኛው በየወሩ ስለሚያጋጥመኝ ዘርዘር ላድርገው። የ4,000 ብር ደመወዝ 5,000 ሆነ እንበል። ጭማሪው አንድ ሺህ ብር ነው። ሠራተኛዋ ግን አንድ ሺህ አታገኝም። የካፌዋ ባለቤትም የምታወጣው አንድ ሺህ ብቻ አይደለም።

በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ያለው ግን 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ከአንድ ሺው 200 ብር ለግብር ይሄዳል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ 70 ብር ይሄዳል። እጇ ላይ የሚደርሰው 730 ብር ነው። የካፌዋ ባለቤት በበኩሏ 11 በመቶ ጡረታ ትጨምራለች፤ የምታወጣው 1,110 ብር ይሆናል።

አሠሪ «አንድ ሺህ አንድ መቶ አወጣሁ፣ ምስጋና የለም» ይላል። ሠራተኛ «ሰባት መቶ ምናምን ብር ነው የጨመረልኝ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመካከሉ ያለው 380 ብር ለግብርና ለጡረታ የሄደ ነው። የጡረታው ገንዘብ የራሷ ነው፤ ነገ ይመለስላታል። ግን ዛሬ የቤት ኪራይ አይከፍልላትም። ለዚህ ነው ስለ ወለል የሚከራከር ሰው መጀመሪያ ያልተጣራውን ነው የተጣራውን ነው የምታወራው ተብሎ መጠየቅ ያለበት።

ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት

«ለአስተናጋጅ ሠላሳ በመቶ ከጨመርን ማኪያቶም ሠላሳ በመቶ ይጨምራል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እስቲ እናስላው። የአንድ ካፌ ወጪ ኪራይ፣ ቡና፣ ወተት፣ ስኳር፣ መብራት፣ ግብርና ደመወዝ ነው። ደመወዙ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛ ነው እንበል። ሠላሳ በመቶ ቢጨመር ጠቅላላ ወጪው የሚያድገው ስድስት በመቶ ነው። የ50 ብር ማኪያቶ ሙሉውን ጫና ቢሸከም እንኳ 53 ብር ይሆናል።

ሦስት ብር ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ግን አሥራ አምስት ብር አይደለም። ደመወዝ የወጪውን ግማሽ በሚይዝበት ሥራ፣ ለምሳሌ በጥበቃና በፅዳት፣ ሒሳቡ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ መልስ ለሁሉም ቤት አይሆንም።

«ሥራ ያጠፋል» ወይም «ምንም አያመጣም» ብሎ መማል

በዚህ ላይ በዓለም ያሉ ኢኮኖሚስቶችም ተጣልተዋል። በጣም የታወቀው ጥናት የዴቪድ ካርድና የአለን ክሩገር ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ከፍ አደረገች። ጎረቤቷ ፔንስልቬንያ አልነካችውም። ሁለቱ ተመራማሪዎች በሁለቱም በኩል ያሉ የፈጣን ምግብ ቤቶችን አወዳደሩ። ኒው ጀርሲ ውስጥ የተፈራው የሥራ መጥፋት አልታየም። ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ይህ ሥራው አንዱ ምክንያት ነበር። ውጤቱን የተቃወሙ ተመራማሪዎችም ነበሩ፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም።

ይህን ይዞ «አያችሁ፣ እዚህም አንድ ሥራ አይጠፋም» ማለት ግን ስህተት ነው። ኒው ጀርሲ የጨመረችው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ወሳኙ ነገር አዲሱ ወለል አሁን ከሚከፈለው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ወለልን ብዙ ቤት ይችለዋል። በአንድ ሌሊት እጥፍ የሆነን ግን ትንሹ ምግብ ቤት አይችለውም። ደቡብ አፍሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ስትጀምር በሰዓት 20 ራንድ ቆረጠች፤ ለግብርና ሠራተኛ 18፣ ለቤት ሠራተኛ 15 አድርጋ ነበር የገባችበት። እኔ ይህ አካሄድ ደስ ይለኛል። ከዝቅተኛው ጀምሮ በደረጃ መውጣት ይሻላል።

ርካሽ ሠራተኛ ወጪ የለውም ብሎ ማሰብ

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እጠላዋለሁ፤ ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከማውቃቸው ቤቶች አንዱ አስተናጋጅ አይበረክትለትም። አንዷ ሁለት ወር ሠርታ ለጥቂት መቶ ብር ብልጫ ወደ ቦሌ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ የምትገባው ሜኑውን እስክትለምድ ትዕዛዝ ይሳሳታል፣ ሒሳብ ይጎድላል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ይህ ሁሉ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ግን ወጪ ነው።

በትልቁም ያው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አይተው ነበር። የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ሠራተኛው በገፍ ይለቅ ነበር፣ ምርታማነቱም እንደታሰበው አልሆነም። በዚህ ብር ቤት ተከራይቶ፣ ተበልቶ፣ ለቤተሰብ ተልኮ አይኖርም። ሰው ካልበላና ካላረፈ ማሽኑን ምን ያህል ያንቀሳቅሰዋል?

ወለሉ የማይደርስላቸውን መርሳት

አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ፔይሮል ላይ የሉም። በኤጀንሲ የተቀጠረ ጥበቃ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ድርጅቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለውና ጥበቃው እጅ የሚገባው አንድ አይደለም። ወለል ሲወጣ ተቆጣጣሪ ከሌለው እነዚህ ሰዎች ጋ አይደርስም።

አንዴ ቆርጦ መተው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ በብር የተቆረጠ ወለል ቢኖረን ኖሮ ቁጥሩ ሳይነካ ዘይትና ስኳር ይበላው ነበር። አሜሪካ ራሷ በፌዴራል ደረጃ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመች ናት። ስለዚህ ስንት ይሁን ከሚለው እኩል በስንት ጊዜ ይታይ የሚለውም መነሳት አለበት።

ለአስተናጋጇ ይህን ሁሉ አላልኳትም። ስድስት ሺው የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነ አስረዳኋት፤ ከዚያ የካፌዋ ባለቤት ጋ ሄጄ የ380 ብሩን ሒሳብ ወረቀት ላይ አሳየኋት። እሷም ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «ወንድሜ፣ መጨመርስ እጨምር ነበር» አለችኝ። «ብቻዬን ጨምሬ ማኪያቶዬ ቢወደድ ደንበኛው ማዶ ይሻገራል። ማዶ ያለው ካፌም እንዲጨምር የሚያደርገው ማነው?»