ሊዝበንን በእግር እንዴት መዞር ይቻላል? ሽቅቡን በትራም፣ ቁልቁሉን በእግር

ሊዝበን የገባሁ ቀን የስልኬን ካርታ ተከትዬ ወጣሁ። ከወንዙ ዳር እስከ ሳኦ ዦርዥ ግንብ ቅርብ ነው አለኝ። ርቀቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ደረጃ ነው። ካርታ ዳገት አያሳይም። ምሳ ሳይደርስ ጉልበቴ አለቀ፣ ከሰዓቱም በእረፍት አለፈ። በማግስቱ አካሄዴን ገለበጥኩት። ሽቅቡን በትራምና በአሳንሰር፣ ቁልቁለቱን በእግሬ። ከተማዋን የወደድኳት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ ጫማ። የእግረኛ መንገዱ በእጅ የተደረደረ ነጭ የኖራ ድንጋይና ጥቁር ድንጋይ ነው። በጣም ያምራል። ግን እንደኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሸካራ አይደለም፣ የሰው እግር አልስልሶታል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ስኒከር አድርጉ።

ቀጥሎ ናቬጋንቴ የምትባለውን ካርድ ሜትሮ ጣቢያ ካለው ማሽን ግዙና የ24 ሰዓት ቲኬት ሙሉባት። ለሜትሮ፣ ለአውቶቡስና ለትራም ትሆናለች። ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ካሲልያስ የሚሻገረውን ጀልባ የሚጨምር ቲኬትም አለ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ጠዋት ሳይረፋፍድ ማርቲም ሞኒዝ አደባባይ ሂዱና 28 ቁጥር ትራም ያዙ። ከረፈደ ሰልፉ አያድርስ ነው። ውስጡ ሲጨናነቅ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፣ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ግራሳ ላይ ውረዱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ሽቅብ ስትሄዱ ሴኞራ ዱ ሞንቴ የሚባለው ከፍታ ላይ ትደርሳላችሁ። ቀይ ጣሪያው፣ ግንቡ፣ የቴጁ ወንዝና ትልቁ ድልድይ ከፊታችሁ ይዘረጋሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የት እንደምትወርዱ በዓይናችሁ ለዩ፣ የቀኑ ካርታችሁ ይሄ ነው።

አሁን ቁልቁለት ብቻ ነው። በፖርታስ ዱ ሶል አደባባይ አድርጋችሁ ወደ አሮጌው ሰፈር አልፋማ ግቡ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የመሬት መንቀጥቀጥ ሊዝበንን ሲያፈርሳት ከታች ያለው ባይሻ ሰፈር ወደመ። በኋላ በቀጥ ያሉ መንገዶች እንደ አዲስ ተሠራ። አልፋማ ግን በአብዛኛው ተረፈ። ለዚህ ነው መንገዱ እንደ ድሮው የሚጠማዘዘው። ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ግራ ሲገባችሁ ውሃ ቢፈስ የሚወርድበትን አቅጣጫ ተከተሉ፣ ዞሮ ዞሮ ወንዙ ጋ ያደርሳችኋል። ልብስ የተሰጣበት መስኮት፣ በር ላይ የተቀመጡ እናቶች፣ ከአንዱ ቤት የሚወጣ የተጠበሰ ሳርዲን ሽታ። ይሄ የሰው መኖሪያ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የሰው በር ላይ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ።

ከሰዓት ወደ ሌላኛው ኮረብታ፣ ወደ ሺያዶ ትሻገራላችሁ። ሁሉም ሰው ሳንታ ዡስታ የሚባለውን እ.ኤ.አ. የ1902 የብረት አሳንሰር ለመሳፈር ይሰለፍ ነበር። እናንተ ባይሻ ሺያዶ ሜትሮ ጣቢያ በታችኛው በር ግቡና በኤስካሌተሩ ሽቅብ ውጡ። በላይኛው በር ስትወጡ ሺያዶ መሃል ናችሁ። ከዚያ ካርሙ አደባባይ ቅርብ ነው። የ1755ቱ መንቀጥቀጥ ጣሪያውን የወሰደው ቤተ ክርስቲያን እዚያው ቆሟል። ቅስቶቹ አሉ፣ ከላይ ሰማይ ብቻ። ሊዝበን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ግቡ ብባል የምመርጠው ይሄንን ነው። ከጀርባው ያለው መተላለፊያም ሳንታ ዡስታ አናት ጋ ያደርሳል። ለግንቡም አቋራጭ አለ። ሩዋ ዱስ ፋንኬይሩስ ላይ ሕንፃ ውስጥ የተገጠመ ነጻ የሕዝብ አሳንሰር ገደላማውን ክፍል ያስቀርላችኋል።

ግሎሪያ የሚባለው ቢጫ የገመድ ትራም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ደርሶበት በነበረው አደጋ 16 ሰው ሞቷል። የድሮ ፎቶ አይታችሁ በሱ ለመውጣት አታቅዱ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሆዳችሁን በተመለከተ፣ ቡና ስትፈልጉ «ቢካ» በሉ። ትንሽ፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠጣል። ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሳታዙ ዳቦና ወይራ ይመጣል። ከበላችሁት ይታሰባል፣ ካልፈለጋችሁ መልሱት። ጾመኞች ደግሞ ፓሽቴል ዴ ናታ የሚባለው ጣፋጭ ኬክ እንቁላልና ወተት እንዳለው እወቁ።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ በ15 ቁጥር ትራም ቤሌም ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ እግር ያርፋል። ዤሮኒሙስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፖርቱጋላዊው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። ልጁ ክሪስቶቫው እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ 400 ወታደር ይዞ ምጽዋ የወረደው፣ በ1542 ተማርኮ የተገደለው ነው። መቃብሩ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። አባት እዚህ፣ ልጅ እኛ ሀገር።

የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ካይስ ዱ ሶድሬ የጀልባ ጣቢያ ወርዳችሁ የካሲልያስን ጀልባ ያዙ፣ 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ስትመለሱ መስኮት ዳር ሁኑ። ድልድዩ በግራ፣ ግንቡ በቀኝ ነው። ከግንቡ ጀርባ ከፍ ብሎ የሚታየው ጠዋት የቆማችሁበት ኮረብታ ነው።