ከዝምታ እስከ ተዛባ ዜማ፦ የነፃ ቺፕቱን መሣሪያዎች ችግርና መፍትሄ

ቺፕቱን በአሮጌ የጨዋታ ማሽኖች የድምፅ ቺፕ ለዛ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። ከእነዚህ ማሽኖች በተቀዱ ናሙናዎች (አጫጭር የድምፅ ቅጂዎች) የሚሠሩ ነፃ ምናባዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። አውርዶ መጫኑ ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጭራሽ ድምፅ አያወጣም፣ ሌላው ይንቋቋል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎ የጨዋታው ለዛ የለውም።

ስህተቱን ፍለጋ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ሱፐር ኒንቴንዶ እና አሚጋ ራሳቸው የተቀዳ ናሙና የሚያጫውቱ ማሽኖች ስለነበሩ ድምፃቸውን በናሙና መልሶ ማግኘት ከባሕርያቸው ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64፣ በ1983 በጃፓን ፋሚኮም ተብሎ የወጣው የመጀመሪያው ኒንቴንዶ እና የ1989ኙ ጌም ቦይ ግን ድምፃቸውን በዋናነት በቺፕ ውስጥ በየቅጽበቱ ያመነጩ ነበር። የእነዚህ ናሙና የቆመ ፎቶግራፍ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች ከባዶቹ የሚነሡት ከዚህ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያው በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዕድሜ ነው። ከቆዩት ነፃ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ለዊንዶውስ ብቻ፣ ያውም በ32 ቢት የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ደግሞ 64 ቢት ናቸው። ከማቀናበሪያዎቹ አንዱ የሆነው ሪፐር በዊንዶውስ ላይ እነዚህን አሮጌ ፕለጊኖች (በማቀናበሪያው ውስጥ የሚገቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) በራሱ ድልድይ ያስኬዳቸዋል። በማክ ላይ ከሆኑ ግን ድካም አያብዙ፤ በ2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ 32 ቢት ፕሮግራም አይሠራም። ሁለተኛው ምክንያት ፋይሉ ፕሮግራሙ በማይፈልግበት ፎልደር መቀመጡ ነው። ትክክለኛውን ፎልደር ከፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ አይተው ፋይሉን እዚያ ያስገቡና ፍተሻውን እንደገና ያስጀምሩ።

ሌላም ነገር አለ፦ የወረደው ነገር ፕለጊን ላይሆን ይችላል። ሳውንድፎንት ወይም ኤስኤፍዜድ (ሁለቱም የናሙና ስብስብ የሚዘጋጅባቸው የፋይል ዓይነቶች ናቸው) ከሆነ የሚያጫውተው ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። ስፎርዛንዶ በነፃ ይገኛል፣ ሁለቱንም ይከፍታል፤ ነፃው ማቀናበሪያ ኤልኤምኤምኤስ ደግሞ የሳውንድፎንት ማጫወቻ ከውስጡ አለው።

ይታያል፣ ግን ድምፅ የለም

ኤስኤፍዜድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ድምፁ በውስጡ የለም፤ «ይህ ቁልፍ ሲነካ እዚያ ፎልደር ያለውን ፋይል አጫውት» የሚል መመሪያ ብቻ ነው የያዘው። የጽሑፍ ፋይሉን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ካዛወሩት መመሪያው ባዶ ቦታ ያመለክታል። በጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው የናሙናውን መስመር ያንብቡ፤ በዚያ መስመር የተጻፈው የፎልደር ስም ከፋይሉ ጎን መኖር አለበት። በሊኑክስ ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ስለሚቆጠሩ፣ በዊንዶውስ የሠራ ስብስብ እዚያ ዝም ሊል ይችላል።

ከዚፕ ሳይወጣ የተከፈተ ፋይልም ዝም ይላል። በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ የተሰራጩ አንዳንድ ሳውንድፎንቶች ደግሞ ኤስኤፍአርክ በሚባል ማመቂያ የታሸጉ ናቸው፤ አስቀድመው መፈታት አለባቸው። የጠፋው ከበሮው ብቻ ከሆነ ቁጥር 128 የሆነውን ባንክ (የድምፆች ምድብ) ይመልከቱ፤ የሳውንድፎንት ከበሮ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

በ15ኛው ደቂቃ ይቆማል

ይህ ብልሽት አይደለም። ስብስቡ ኮንታክት ለተባለው ናሙና ማጫወቻ ሙሉ (የሚከፈልበት) እትም የተሠራ ነው፤ ነፃው ማጫወቻ ፈቃድ የሌለውን ስብስብ ለ15 ደቂቃ ብቻ ያስኬዳል። በፎልደሩ ውስጥ ናሙናዎቹ በዌቭ ፋይል ካሉና ፈቃዱ ከፈቀደ ወደ ዲሰንት ሳምፕለር ወይም ወደ ስፎርዛንዶ ማምጣት ይቻላል።

ኖታው ሲያዝ ይንቋቋል፣ ወይም ከሌላው መሣሪያ ጋር አይስማማም

ይህን ረጋ ብለው ያንብቡት፤ ብዙ ጥሩ ዜማ የተበላሸው እዚህ ነው።

ናሙናው አጭር ስለሆነ ኖታው እስኪለቀቅ ድረስ አንድ ክፍሉ በዙር ይደጋገማል። የዙሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር በሞገዱ ላይ እኩል ከፍታ ካልተገናኘ በእያንዳንዱ ዙር ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። መፍትሄው ሁለቱንም ጫፎች ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ክፍሉን መርጠው የዜድ ቁልፍን ቢጫኑ ጫፎቹ ወደ ቅርቡ ዜሮ ይጠጋሉ። ሳውንድፎንት ከሆነ ፖሊፎን በተባለው ነፃ ማረሚያ ይስተካከላል። ናሙናውን በፍጹም ወደ ኤምፒ3 አይለውጡት፤ ኤምፒ3 መጀመሪያው ላይ ዝምታ ስለሚጨምር ዙሩ ይዛባል።

የዜማው መዛባት ደግሞ ከሒሳብ ይመጣል። በሰከንድ 44,100 ነጥብ በሚቀዳ ድምፅ ውስጥ የ6ኛው ኦክታቭ ኢ፣ ማለትም 1,318.5 ኸርዝ፣ አንዱ ዑደት 33.45 ነጥብ ይወስዳል። ነጥብ አይከፈልምና አዘጋጁ 33 ላይ ቆርጦታል እንበል። የሚሰማው 1,336 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከትክክለኛው በ23 ሴንት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ከፍ ብሏል። ጆሮ ይህን አያልፈውም። አንድ ዑደት ብቻ ከመቁረጥ 20 ዑደት ቢወስዱ ግን 669 ነጥብ ይሆናል፤ ስህተቱም አንድ አምስተኛ ሴንት አይሞላም። እንደገና መቁረጥ ካልተቻለ በኤስኤፍዜዱ ውስጥ ለዚያ ቁልፍ ብቻ የዜማ ማስተካከያውን −23 ያድርጉት። ሙሉውን መሣሪያ አንድ ላይ ዝቅ ማድረግ አይረዳም፤ ስህተቱ ከቁልፍ ቁልፍ ይለያያል።

ኮርዱ ወፍሮ ኦርጋን ይመስላል

ፋሚኮም አምስት ቻናል (የድምፅ መስመር) ነበረው፦ ሁለት ፐልስ (አራት ማዕዘን ሞገድ)፣ አንድ ትሪያንግል (ሦስት ማዕዘን ሞገድ)፣ አንድ ኖይዝ (ቁርጥ ዜማ የሌለው የሹሹታ ድምፅ) እና አንድ ለተቀዳ ድምፅ። እያንዳንዱ ቻናል በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። የእርስዎ ናሙና ማጫወቻ ግን የነኩትን ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ያሰማል። ስለዚህ የድምፆቹን ብዛት ገደብ 1 ያድርጉ፤ ማስተጋቢያውን (ሪቨርብ) ያጥፉ፤ ኖታው ከተለቀቀ በኋላ የሚቀረውን ጭራ ወደ ዜሮ ያውርዱ።

ታዲያ ኮርድ እንዴት ይሰማል? የድሮዎቹ አቀናባሪዎች የኮርዱን ኖታዎች በፍጥነት እያፈራረቁ በአንድ ቻናል ያጫውቱ ነበር። ፍጥነቱ የሚመጣው ከቴሌቪዥን ሥዕል ነው፦ በጃፓንና በአሜሪካ በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ፣ በአውሮፓ 50። በማቀናበሪያዎ ላይ የአርፔጂዮ (ኖታዎችን የሚያፈራርቅ) መሣሪያውን የ64ኛ ኖታ ትሪፕሌት ላይ ያድርጉት፤ የሙዚቃው ፍጥነት በደቂቃ 150 ምት ሲሆን እያንዳንዱ ኖታ ልክ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ይሆናል። በ125 ምት ደግሞ አንድ ሃምሳኛ ይሆናል። ይህን ያደረገ ሰው ያ የሚያንጸባርቅ የጨዋታ ድምፅ ከአንድ ተራ ፐልስ ሲወጣ ይሰማዋል፤ ከዚህ የበለጠ ደስታ የሚሰጥ ማስተካከያ አላውቅም።

ወደ ላይ ሲወጣ ይጣደፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይደበዝዛል

አንድ ናሙና በመላው ኪቦርድ ላይ ተዘርግቷል ማለት ነው። በናሙናው ውስጥ የድምፅ መርገብገብ ተቀድቶ ከሆነ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ሲሄዱ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በየሦስት ወይም በየአራት ቁልፉ የተለየ ናሙና ያለውን ስብስብ ይምረጡ፤ መርገብገቡንም ከናሙናው ሳይሆን ከማጫወቻው ያምጡት።

ኖይዝ ከሁሉ ይብሳል። የፋሚኮም ኖይዝ 16 የፍጥነት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። አንዱን ቀድቶ መዘርጋት ያልነበሩ ድምፆችን ይፈጥራል፤ ቅጂው አጭር ከሆነም ዙሩ ራሱ እንደ ዜማ ይሰማል። ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ቁልፍና ረዘም ያለ ቅጂ ያለው ስብስብ ካላገኙ፣ ለኖይዙ ብቻ ናሙናውን ትተው ድምፁን ራሱ የሚያመነጭ ፕለጊን ይጠቀሙ።

ቤዙ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ይጠፋል

ቤዙን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው የፋሚኮም ትሪያንግል የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የለውም፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ቬሎሲቲ (ቁልፉ የተነካበት ኃይል) በዚህ መሣሪያ ላይ ለውጥ እንዳያመጣ ያጥፉት። ፐልሱና ኖይዙ 16 የመጠን ደረጃ ስላላቸው የእነሱን ቬሎሲቲ በ8 በ8 ልዩነት መጻፉ ይበቃል።

የሱፐር ኒንቴንዶው ድምፅ ሻካራና ደረቅ ነው

እዚህ ናሙናው እውነተኛ ነው፤ የጎደለው ማሽኑ በላዩ ላይ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው። ቺፑ በሰከንድ 32,000 ነጥብ እያወጣ ነጥቦቹን ስለሚያለሰልስ የላይኛው ድምፅ ይከደናል። ከላይ ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ያስገቡና ጆሮዎ እስኪረካ ቀስ እያሉ ዝቅ ያድርጉት። ማሚቶውም በ16 ሚሊሰከንድ ደረጃ እስከ 240 የሚደርስ ነበር፤ ረጅሙ ማሚቶ ከ64 ኪሎባይቱ የድምፅ ማህደረ ትውስታ 30ውን ይበላ ስለነበር አቀናባሪዎች ይቆጥቡታል። ማዘግያዎን (ዲሌይ) 64 ወይም 96 ሚሊሰከንድ ላይ አድርገው ይሞክሩ።

ሙዚቃው አልቋል፣ ግን ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነ አይታወቅም

በነፃ ማውረድ መቻል የመጠቀም ፈቃድ አይደለም። በተለይ ከጨዋታ ካርትሪጅ በቀጥታ የወጡ ናሙናዎች ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል፤ ያሰባሰበው ሰው «ነፃ» ብሎ ስለጻፈ ያ አይለወጥም። ገና ሲያወርዱ ከስብስቡ ጋር የመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ለንግድ መጠቀም እንደሚቻል በግልጽ የሚል ከሆነ ጽሑፉን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ጋር አብረው ያስቀምጡ። ምንም የማይል ከሆነ ስብስቡን ለመለማመጃ ይያዙትና ለሚያወጡት ሥራ አዘጋጁ ራሱ ከቺፑ የቀዳቸውን የፐልስና የትሪያንግል ድምፆች ይፈልጉ።